ባትሪው ሳይጠየቅ ለምን ይፈረድበታል?

በአገራችን የሶላር ባትሪ በሞተ ቁጥር ፍርዱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፡፡ «የቻይና ዕቃ ምን ዕድሜ አለው?» ይባልና መዝገቡ ይዘጋል፡፡ በሕግ ትምህርት ከቀሰምኳቸው ነገሮች አንዱ ተከሳሽ ሳይሰማ እንደማይፈረድበት ነውና፣ ዛሬ ለባትሪው ጥቂት ልከራከርለት ነው፡፡

ጉዳዩ ተራ እንዳይመስላችሁ፡፡ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት መክረሟ ይታወሳል፡፡ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ደግሞ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን እንደ ሶላር ባሉ አማራጮች ለማዳረስ አቅዶ ነበር፡፡ ዓመቱ አለፈ፤ ዕቅዱ ግን አልሞላም፡፡ መስመሩ ላልደረሳቸው የላስታ ገበሬዎችም ሆነ መብራት ለሚጠፋባቸው የላሊበላ እንግዳ ማረፊያዎች ባትሪ ትልቅ ንብረት ነው፡፡ ገዳዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው ሳይሆን አያያዙ ነው፡፡

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ባትሪ ነው?» የሚል ነው፡፡ ፈረንጆች ቤት አድርገው የሚጓዙባቸው ትልልቅ መኪኖች ሁለት ዓይነት ባትሪ ይይዛሉ፤ አንዱ ሞተር ያስነሳል፣ ሌላው የቤቱን መብራትና ማቀዝቀዣ ይሸከማል፡፡ ሁለቱ አይተካኩም፡፡ የማስነሻው ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ በስስ ሳህኖች የተሠራ ነው፡፡ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ሲያበራ ካደረ በጥቂት ወራት ይደክማል፡፡ ለቤት የሚሆነው ሳህኑ ወፍራም የሆነው፣ እየተጠቀሙ ደጋግመው እንዲሞሉት የተሠራው ነው፡፡

ሁለተኛው «ስንት ወጣበት?» ነው፡፡ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፡፡ ዕድሜው እንዲረዝም ግን ከግማሹ በላይ ባይወጣበት ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 600 ነው፡፡ አምስት ባለ 7 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 175፣ ባለ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት 200፣ ጥቂት ስልኮች 75 ይወስዳሉ፡፡ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ስትጨምሩበት ከ500 ያልፋል፡፡ ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.1 አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ላይ ነው፡፡

ሦስተኛውና ዋናው «ተመልሶ ሞላ ወይ?» የሚለው ነው፡፡ ባለ 100 ዋት ፓኔል በበጋ እንኳ በቀን ከ400 ዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም፡፡ ማታ 500 ወጥቶ ቀን 400 ከገባ ባትሪው በየቀኑ ባለዕዳ ይሆናል፡፡ ሳይሞላ የሚከርም የሊድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ቅርፊት ይጋገርበትና አቅሙን ይነጥቀዋል፡፡ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል፡፡ በዚያው ፓኔል ሁለት ባትሪ መቀለብ ግን ሁለቱንም ማስራብ ነው፡፡ የጎደለው ፓኔል ነው፤ ለዚህ ቤት ቢያንስ 200 ዋት ያስፈልገዋል፡፡ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፍጆታን መቀነስ ግድ ይላል፡፡

ከተማ ወስዶ ቻርጅ የሚያስደርግ ሰውም ይህን ይወቅ፤ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ10 አምፔር ሲሞላ ከባዶ 12 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፡፡ የመጨረሻው 20 በመቶ ቀስ ብሎ ስለሚገባ «በሦስት ሰዓት ሞልቷል» የሚል ባለሙያ የሚመልስላችሁ የሙሉ ሒሳብ ተቀብሎ ጎደሎ ባትሪ ነው፡፡

አሁን ወደ መተካቱ እንምጣ፡፡ ላሊበላ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ወዳጄ ከአራት ባትሪዎቹ አንዱ ሲሞትበት እሱን ብቻ ለወጠ፡፡ አዲሱ በዓመቱ ሞተ፡፡ «ሻጩን ልክሰሰው ወይ?» አለኝ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል፡፡ አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር ተጣምሮ ከደከመ ግን ጉድለቱ የሻጩ ነው ማለት ይከብዳል፤ አብረው የሚሠሩ ባትሪዎች አብረው ይለወጣሉና፡፡ ስለዚህ ስትገዙ እዚያው ቮልቱን አስለኩ፤ ዓይነቱ፣ አቅሙ፣ ቀኑና የዋስትናው ጊዜ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፡፡

ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ስትገጥሙ መጀመሪያ ፖዘቲቩን ነው፡፡ ክዳኑ የሚከፈተው ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም፤ የሚተነው ውሃው ነውና፡፡ ሲሞላ የሚተነፍሰው ጋዝ ስለሚቀጣጠል ሻማም ጧፍም አታስጠጉበት፡፡

ሊቲየም የሚገዛ ሰው ብዙ ዓመት ይገለገልበታል፤ ነገር ግን ቻርጅ ኮንትሮለሩ ለሊቲየም የሚስተካከል መሆኑን ያረጋግጥ፡፡ ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ቻርጅ አይደረግም፡፡ ስለዚህ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ውርጭ የሚመታቸው ቤቶች ባትሪውን ደጅ ሳይሆን ቤት ውስጥ ያኑሩት፡፡

የሞተውም ሊድ ባትሪ ጓሮ አይጣል፤ እርሳሱ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ሳይሰበር ለሚረከቡ ነጋዴዎች ይሰጥ፡፡ በሕይወት ላለው ግን የአባቶች ምክር ይበቃዋል፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፡፡ ማታ የወሰዳችሁበትን በማግሥቱ መልሱለት፡፡