የጓሮ ሎሚ ሲታመም ከሥሩ ይጀምሩ

ለዶሮ ማጠቢያ፣ ለሰላጣ፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሻይ፦ ሎሚ የማይፈለግበት ቤት የለም። በጓሮው አንድ ደህና የሎሚ ዛፍ ያለው ሰው በበዓል ዋዜማ የሎሚ ዋጋ ቢንር አያሳስበውም። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ወይም አበባው ሲረግፍ ብዙዎቻችን በቀጥታ ወደ ፀረ ተባይ መሸጫ እንሮጣለን። ከመሮጥ በፊት ጎንበስ ብሎ የግንዱን ሥር ማየት ይቀድማል። የጓሮ ሎሚ ችግር በአብዛኛው ከውሃና ከሥር ይነሳልና።

ቦታና ተከላ

ሎሚ የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ ውርጭ ክፉኛ ይጎዳዋል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡለት። አፈርዎ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ ከመትከል ጉብታ ሠርቶ እላዩ ላይ መትከል ይሻላል፤ ክረምት ላይ ውሃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ሎሚ ከፍሬው ቢተከልም በአብዛኛው እናቱን ይመስላል፤ ከአንድ ፍሬም ሁለት ሦስት ቡቃያ ሊወጣ ይችላል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፦ እስኪያፈራ 4፣ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የተዳቀለ ችግኝ በ2 ወይም በ3 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። የተዳቀለበት ቦታ ምንጊዜም ከአፈር በላይ መሆን አለበት። ከዚያ በታች የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ ቶሎ ቶሎ ያስወግዱ፤ ከተተወ የተዳቀለውን ዛፍ ውጦ ሎሚዎን ያስቀርብዎታል።

ውሃ

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይስባል፤ ዛፉም አንድ ሳምንት ውሃ ቢያጣ ይጠወልጋል። አልፎ አልፎ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ነው የሚበጀው። በበጋ አዲስ ችግኝ በሁለት ሦስት ቀን፣ ያደገ ዛፍ ደግሞ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ይጠጣል። ቁርጡን የሚነግርዎ አፈሩ ነው፦ ጣትዎን ሰደድ ያድርጉ፤ ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ይተዉት።

ውሃው የሚፈስበት ቦታም ወሳኝ ነው። ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ከግንዱ ራቅ ብለው፣ ቅርንጫፎቹ እስከሚያጠሉበት ጠርዝ ድረስ ተዘርግተው ስለሚገኙ ማጠጫውን ክብ አድርገው እዚያ ይሥሩ። በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ግንዱ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ከመሬት አጠገብ ቅርፊቱ ይጠቁርና ሙጫ ያነባል። ይህ ሥርና ግንድ የሚያበሰብስ በሽታ ምልክት ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በግንዱ ላይ የተከመረውን አፈር ገልጦ፣ የበሰበሰውን ቅርፊት እስከ ጤናማው ፍቆ፣ አየርና ፀሐይ እንዲያገኝ ማድረግ ዛፉን ሊያተርፈው ይችላል።

ቅጠሉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ቢጫ የሆኑት የቆዩት የታችኞቹ ቅጠሎች ከሆኑ ዛፉ ናይትሮጅን አንሶታል፤ በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይስጡት። ለጋዎቹ ቅጠሎች ገርጥተው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ግን የጎደለው ብረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለም ሥሩ ሊወስደው የማይችልበት ጊዜ አለ፤ የምድጃ አመድ በየጊዜው የሚደፋበት ዛፍ ለዚህ ይጋለጣል፣ አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ያጠፋልና። የዕቃ እጣቢም አይድፉበት፤ ሎሚ ጨው አይችልም። አፈሩ ርሶ እያለ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከተንጠለጠለ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል።

ተባይ

ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ካዩ ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ። ከሥሩ ክሽክሽ፣ ቅርፊት የለበሱ ትንንሽ ነፍሳት ወይም ጥጥ የለበሰ ነጭ ዝንብ ያገኛሉ። ሻጋታው የሚያድገው እነሱ በሚጥሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ጉንዳኖችም ለዚያው ፈሳሽ ሲሉ ተባዮቹን ከጠላቶቻቸው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከግድግዳና ከአጥር ጋር የሚነካካውን ቅርንጫፍ ቆርጠው የጉንዳኑን መንገድ ይዝጉ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክረው ጉዳት ካላዩ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የቅጠሉን ሆድ በደንብ ይርጩ። አበባ ላይ እያለ ግን ምንም አይርጩ፤ ንቦቹን ይጎዳሉ።

ለጋ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካዩም ጠጋ ብለው ይመልከቱ። የቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። በእንጨት ነካ ሲያደርጉት ከራሱ ላይ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ይለቃል። ትንሽ ችግኝን በጥቂት ቀናት ሊያራቁተው ይችላል፤ መድኃኒቱ በእጅ መልቀም ነው።

አበባ ሲረግፍ

ሎሚ ከሚያብበው አብዛኛውን በተፈጥሮው ያረግፋል፤ ስለዚህ አይደንግጡ። ከልክ ያለፈ መርገፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዛፉ ከርሞ ተጠምቶ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ነው፤ ፍሬ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአበባና የፍሬ ጊዜ ውሃው አይቆራረጥ።

መዳን የሌለው በሽታ

ቅጠሉ ግራና ቀኙ በማይመሳሰል ሁኔታ ቢጫ ከተጨማለቀ፣ ፍሬውም ተንጋዶ ከቀረ፣ የአካባቢዎን የግብርና ባለሙያ ይጥሩ። ግሪኒንግ የሚባለው በሽታ በአገራችን አለ፤ ፈውስ የለውም፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሱት ትንንሽ ነፍሳት ናቸው፣ በተበከለ ችግኝም ይተላለፋል። ባለሙያው ካረጋገጠ ዛፉን ነቅሎ ማቃጠል ይመርራል፤ ነገር ግን የጎረቤትን ሎሚና ብርቱካን የሚያድነው ይኸው ነው። ችግኝ ሲገዙም ጤናው ከታወቀ ጣቢያ ይግዙ። አንድ የታመመ ችግኝ የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል።