የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ (ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም.)

የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ የተሸጡ ወይም ብዙ የተደመጡ ዘፈኖችን በቅደም ተከተል የሚያሳይ ዝርዝር ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ማለትም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ በኢትዮጵያ ይፋዊ ሰንጠረዥ አልነበረም። አገር ምድሩን ያዳረሱ ዘፈኖች ግን ነበሩ፤ ተወዳጅነታቸው የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በሌሎች ምልክቶች ነበር።

የሰንጠረዥ አሠራር

በእንግሊዝ የመጀመሪያው የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሲሆን የተዘጋጀውም ለጥቂት ሱቆች ስልክ እየተደወለ ነበር። በአሜሪካ ቢልቦርድ መጽሔት «ሆት 100» የተባለውን ሰንጠረዥ በ1958 ጀመረ። ከ1991 ወዲህ ሳውንድስካን የተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ሽያጭ ባርኮዱ ሲነበብ በኮምፒውተር እንዲመዘገብ አደረገ። ያኔ የካንትሪና የራፕ አልበሞች ባለ ሱቆች ከሚናገሩት በላይ ይሸጡ እንደነበር ታወቀ። በ2005 ደግሞ ከኢንተርኔት በክፍያ የሚወርዱ ዘፈኖች በሁለቱም አገሮች ሰንጠረዥ ውስጥ መቆጠር ጀመሩ።

ከዚህ እንደሚታየው ሰንጠረዥ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ ሕጋዊ ቅጂ፣ ሽያጩን የሚመዘግብ ሱቅ እና ቁጥሩን የሚሰበስብ ገለልተኛ አካል።

የካሴት ገበያ

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚሸጠው በካሴት ነበር፤ ሲዲም ቀስ በቀስ እየተለመደ መጥቷል። ካሴቶቹን የሚያሳትሙትና የሚያከፋፍሉት እንደ አምባሰል፣ ኤሌክትራና ናሆም ያሉ ድርጅቶች ነበሩ። ድምፃዊው ብዙውን ጊዜ ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ስለሚሸጥ ከዚያ በኋላ ስንት ቅጂ እንደወጣ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነበር። በሌላ በኩል ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ መቅዳት ይችላል፤ ሕገ ወጥ ቅጂም በየመንገዱ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የሙዚቃ ቤቶች ሽያጭ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ የአድማጩን ብዛት በትክክል አያሳይም ነበር።

የተወዳጅነት ምልክቶች

አንድ ዘፈን «ወጣለት» የሚባለው በሚኒባስ ታክሲ፣ በሙዚቃ ቤት በር ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ በሠርግና በምሽት ክበብ ሲደጋገም ነው። በ1992 ዓ.ም. የተጀመረው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ደግሞ የአዲስ አበባ አድማጭ አዳዲስ ዘፈኖችን የሚሰማበት ተጨማሪ መንገድ ሆነ። ሦስት ምሳሌዎች የእነዚህን ምልክቶች ጥንካሬና ድክመት ያሳያሉ።

በ1993 ዓ.ም. የወጣው «አቡጊዳ» የተባለው የቴዲ አፍሮ (ቴዎድሮስ ካሳሁን) አልበም ድምፃዊውን በሰፊው አሳወቀ።

የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በስሟ የተጠራው አልበም እ.ኤ.አ. በ2001 በፓልም ፒክቸርስ በኩል ለዓለም ገበያ ቀረበ፤ አቀናባሪው ቢል ላስዌል ነበር። «አባይ» እና «አድዋ» የተባሉት ዘፈኖች የሚገኙት በዚሁ አልበም ነው። ይህ ሥራ በውጭ አገር በሲዲ፣ በአገር ውስጥ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በተቀዳ ካሴት ጭምር ስለተሰማ አድማጩን በአንድ ዝርዝር መቁጠር አይቻልም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» በምርጫው ውጥረት ወቅት በመንግሥት ጣቢያዎች እንዳይተላለፍ ቢደረግም በታክሲና በየቤቱ ይደመጥ ነበር። በሬዲዮ ስርጭት ብቻ የሚሠራ ሰንጠረዥ ቢኖር ኖሮ ይህ ዘፈን ከዝርዝሩ ይወጣ ነበር።

ሕጉና ውጤቱ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲያን መብት ቢሰጥም የድምፃዊንና የአሳታሚን መብት ለይቶ አይጠብቅም ነበር። ይህን ክፍተት የሞላው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፈተ። ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተላለፈ መቁጠር የገቢ ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ያለ ክፍያ ሲኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ግን የአሜሪካን ገበያ ነው። የ1990ዎቹ ካሴቶች እንዲህ ያለ መዝገብ ስላልነበራቸው ስለ ሽያጫቸው የሚነገሩ ቁጥሮች በገለልተኛ አካል የተረጋገጡ አይደሉም።