ሐር የሚሠራው አባጨጓሬ፦ ጠጉሩን ተጠንቀቁ

በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ

አባጨጓሬ ሲነካ እንደሚያሳክክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ ሐር ስለሚሠራ አንድ የጫካ አባጨጓሬ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አናፌ ፓንዳ ይባላል። በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ጫካና እርጥበት ባላቸው ሌሎች የአፍሪካ ጫካዎች ይኖራል። እንደ ካኩማ ያለ ደረቅ ቦታ አይስማማውም፤ ሆኖም ለሥራ ወይም ለእንጨት ለቀማ ወደ ጫካ የምትሄዱ ልታውቁት ይገባል።

አኗኗሩ እንዴት ነው?

ሴቷ የእሳት እራት እንቁላሎቿን ቅጠል ላይ ባንድነት ትጥልና ከሆዷ ጫፍ ባለው ጠጉር ትሸፍናቸዋለች። የተፈለፈሉት ትሎች አይለያዩም፤ አብረው ይበላሉ፣ ተከታትለው በሰልፍ ይጓዛሉ። ሲያድጉ በኅብረት ቡናማ የሐር ከረጢት ይሠራሉ። በውስጡም እያንዳንዱ የራሱን ጎጆ ፈትሎ ይተኛል፤ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ከዚሁ ዘር ሐር ሳንያን የሚባል የክብር ልብስ ይሸምናሉ።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

የትሉ ጥቃቅን ጠጉሮች ቆዳ ላይ ተሰክተው ያሳክካሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ሽፍታ ያወጣሉ። ጠጉሩ ከረጢቱ ውስጥም ስለሚቀር ባዶው ከረጢት እንኳ ያሳክካል። ልጆች ለጨዋታ እንዳያነሡት ንገሯቸው።

ቢነካችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

1. አትሹት፣ አትከኩት፤ ጠጉሩ ይበልጥ ይገባል።
2. ፕላስተር ለጥፋችሁ በማንሣት ጠጉሩን አውጡ።
3. በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ። የለበሳችሁትን አውልቃችሁ እጠቡ።
4. ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት።
5. ዓይን ከነካ ሳታሹ በንጹህ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ወደ ክሊኒክ ሂዱ።
6. ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ይበላልን?

በአንዳንድ አገር አባጨጓሬ የተለመደ ምግብ ነው። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ግን አናፌ ቬናታ የተባለውን ዘመዱን ከበሉት አንዳንዶቹ ሰውነታቸው ተንቀጥቅጦ፣ መቆምና መራመድ አቅቷቸው ሐኪም ቤት ገብተዋል። ትሉ ውስጥ ያለው ነገር ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ ማብሰልም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ምግባቸው ያልተመጣጠነ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። በሽታው በቫይታሚን ቢ1 ይታከማል። ስለዚህ የማታውቁትን ትል አትብሉ፤ በልቶ የሚንገዳገድ ሰው ካያችሁ ፈጥናችሁ ወደ ክሊኒክ አድርሱት።

ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።