እሳተ ገሞራ ፍለጋ ወደ ጨረቃ

የጨረቃ ጉዞ ሲነሳ ኒል አርምስትሮንግን የማይጠራ የለም። ከአደጋ ለጥቂት የተረፈው አፖሎ 13ም በፊልም ሳይቀር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1972 ጆን ያንግ፣ ቻርልስ ዱክና ኬን ማቲንግሊ የተጓዙበትን አፖሎ 16ን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ስለ ጨረቃ የተያዘን ትልቅ ግምት ያፈረሰው ግን ይኸው ጉዞ ነው።

ጨረቃን ቀና ብለን ስናይ ጥቁርና ነጣ ያሉ ቦታዎች እናያለን። ጥቁሮቹ ጥንት የፈሰሰ ቅልጥ አለት የሞላቸው ሜዳዎች ናቸው። የነጣው ደጋማ ክፍልስ ከምን ተሠራ? ጂኦሎጂስቶች ዴካርት የተባለውን አካባቢ በፎቶግራፍ አጥንተው፣ ኮረብታዎቹንም ለጥ ያለውን ሜዳም እሳተ ገሞራ ሳይሠራቸው አልቀረም አሉ። አፖሎ 16 ወደዚያ የተላከው ይህን ለማረጋገጥ ነበር።

ማቲንግሊ ጨረቃን እየዞረ ሲጠብቅ፣ ያንግና ዱክ ሦስት ቀን ቆይተው ከ20 ሰዓት በላይ ከመንኮራኩራቸው ውጪ ሠሩ። ድንጋይ ባነሱ ቁጥር የሚያገኙት ግን ብሬቺያ ነበር፤ ተሰባብሮ፣ ቀልጦ፣ እንደገና የተጣበቀ አለት። የእሳተ ገሞራው አለት የለም።

ምስጢሩ ከሰማይ የመጣ ዱላ ነው። ግዙፍ የጠፈር አለቶች ጨረቃን ሲመቷት የተፈናጠረው ስብርባሪ ርቆ ሄዶ ጎድጓዳ ቦታዎችን ሞልቶ ሜዳ አስመስሏቸዋል። በስብርባሪው መካከል ደግሞ አኖርቶሳይት የተባለ ነጭ አለት ተገኘ። ጨረቃ ገና ስትፈጠር ላይዋ የቀለጠ አለት ባሕር ነበር፤ ወጥ ሲበስል ቅቤው ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ አኖርቶሳይትን የሠራው ቀለል ያለ ማዕድን ተንሳፍፎ ቅርፊቷ ሆነ። የምናየው ንጣት የዚያ ቅርፊት ቀለም ነው።

ይህን ሁሉ ፎቶግራፍ ብቻውን ሊነግረን አልቻለም፤ ሰው ሄዶ ድንጋዩን በእጁ ማንሳት ነበረበት። ጉዞው ወደ 96 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ናሙና ይዞ ተመለሰ። ከመካከሉ 11.7 ኪሎ ግራም የሚመዝነው፣ አፖሎዎች ካመጧቸው ድንጋዮች ሁሉ ትልቁ፣ የጉዞውን የጂኦሎጂ ቡድን በመራው በዊሊያም ሙልበርገር ስም «ቢግ ሙሊ» ተባለ። እሱም ያው በዱላው የተሠራ ነው፤ የቡድኑን መሪ ስም የያዘው ድንጋይ የቀድሞውን ግምት ካፈረሱት ምስክሮች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።