ስለ በረዶ መንሸራተቻ ሳንቃና ለሥራው ስለሚያስፈልገው ዕቃ

በሰሜን አውሮፓ አገሮች፣ ይልቁንም በኖርዌይና በስዊድን፣ ክረምት በገባ ጊዜ በረዶ ሜዳውንና ተራራውን ሁሉ ይሸፍነዋል። እግረኛውም እስከ ጉልበቱ እየሰጠመ አንድ ርምጃ መሄድ ይቸግረዋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ስኪ የሚባለውን ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ከእግራቸው በታች እያሰሩ በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። በስዊድን አገር ካልቭትሬስክ በተባለ ስፍራ በ1924 ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ከመሬት ውስጥ የተገኘው ስኪ ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ሊቃውንት መርምረው አስታውቀዋል። (ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ይህን ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነው ስለ ምን ነው ቢሉ፣ ስኪ ፋብሪካ ሳይኖር አባት ለልጁ በቤቱ ይሠራው የነበረ ዕቃ ስለሆነ፣ ዛሬም በቤታቸው የሚሠሩት ሰዎች ስላሉ ነው።

የሥራው መጀመሪያ እንጨት መምረጥ ነው። በጫካ መካከል ስኪው የተሰበረበት ሰው ከቤቱ ሳይደርስ ብርድ ሊገድለው ይችላልና፣ የእንጨቱ ምርጫ የነፍስ ጉዳይ ነበረ። ስለዚህ ጉጥ የሌለበትን፣ ዘሩ ቀጥ ያለውን ግንድ ፈልገው፣ የእንጨቱ ጅማት እንዳይቈረጥ በመጋዝ ከመሰንጠቅ ይልቅ በሽብልቅ ይፈልጡታል። ጥድ፣ በርችና አሽ የተባሉት ዛፎች በአገራቸው ይገኛሉ፤ ሂኮሪ የተባለው ጠንካራ እንጨት ግን ከአሜሪካ በመርከብ ይመጣላቸው ነበር። ደግሞም ዘንበል ብሎ ያደገ ጥድ በታችኛው ወገኑ ያለው እንጨት ጥቅጥቅ ያለና ሙጫ የበዛበት ስለሆነ፣ በበረዶው ላይ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቁ ነበር።

የተፈለጠው እንጨት በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በእሳት አጠገብ በጥድፊያ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ከዚያ በኋላ ፊተኛው ጫፍ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ለስልሶ ወደ ላይ ይቈለመማል። የታችኛውም ፊት ከጥድ በሚወጣ ሬንጅ በእሳት እየሞቀ ይቀባል፤ ይህም ውሃ ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ይከለክላል።

በእስያ በአልታይ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የስኪውን ታች በፈረስ ቆዳ ይለብጡታል። ጠጕሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ፣ ቊልቊለት ሲወርዱ ያንሸራትታል፤ ዳገት ሲወጡ ግን በረዶውን ይዞ ወደ ኋላ አያስኬድም።

በኖርዌይ በቴሌማርክ አውራጃ ሞርጌዳል በተባለ መንደር የተወለደው ሶንድሬ ኑርሃይም (1825-1897) ድኻ ነበረ፤ ነገር ግን እጀ ብልህ ነበረ። ስኪውን ከወገቡ ላይ ጠበብ አድርጎ በመሥራቱና ከተጠማዘዘ ቀጭን የዛፍ ሥር ተረከዝን የሚይዝ ማሰሪያ በማበጀቱ፣ እየዘለሉና እየታጠፉ መውረድን አስተማረ። በ1952 በኦስሎ ለተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ የተወሰደው እሳት የተለኰሰው ከዚሁ ሰው ቤት ምድጃ ነው።

በአሜሪካም በሚሺጋን ግዛት ሸርማን ፖፐን የተባለ መሐንዲስ በ1965 በልደት በዓል ቀን ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጣምሮ ለሴቶች ልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። ዛሬ ስኖውቦርድ የሚባለው፣ ሁለቱ እግሮች ባንድ ሳንቃ ላይ የሚቆሙበት መንሸራተቻ፣ ከዚህ ዓይነቱ የቤት ሥራ ያደገ ነው።

በዛሬ ዘመን በቤቱ ሊሠራ የሚወድ ሰው ዕቃውን ካንድ ሱቅ አያገኝም። ለውስጡ የሚሆነውን አሽ ወይም ሜፕል እንጨት ከእንጨት ነጋዴ፣ ከላይና ከታች የሚነጠፈውን የብርጭቆ ክር ጨርቅና ኤፖክሲ የተባለውን ማጣበቂያ ለጀልባ ሠሪዎች ዕቃ ከሚሸጥ ዘንድ ይገዛል። የታችኛውን ፖሊኢቲሊን የተባለ ፕላስቲክና ዳር ዳሩን የሚዞረውን የብረት ስለት ግን ለዚህ ሥራ ብቻ ከሚነግዱ ሰዎች ማዘዝ አለበት። ይህ ሁሉ ተደራርቦ በማጣበቂያ ከተቀባ በኋላ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ በኃይል ይጨመቃል።

ነገር ግን ቊጠባ ከጤና አይበልጥም። ኤፖክሲ ቆዳን ያሳክካል፤ የብርጭቆው ክር ትቢያም ሳንባን ይጐዳል፤ ስለዚህ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ሕፃናትም ወደ ሥራው ቤት ሊገቡ አይገባም። ደግሞም ሰው በወደቀ ጊዜ ጫማውን ከስኪው የሚያላቅቀው ማሰሪያ እግርን ከስብራት የሚያድን ስለሆነ፣ ይህን ከፋብሪካ ገዝቶ በባለሙያ ማስገጠም እንጂ በግምት መሥራት አይገባም። ሳንቃው ቢሰበር ሌላ ይሠራል፤ የልጅ እግር ግን እንደ ሳንቃ አይለወጥም።

ነገሩም ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒክ ጨዋታዎች በስኪ ተወዳድሮ የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ በበረዶ ምድር አሳይቷል።

እኛም ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። የሞርጌዳሉ ድኻ በደጁ ያለውን ዛፍና ሥሩን መርምሮ ለዓለም የሚተርፍ ጥበብ አወጣ። ልጆቻችንም የማናቸውንም ዕቃ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከምን እንደ ተሠራና ስለ ምን እንደ ተመረጠ እንዲጠይቁ ብናስለምዳቸው፣ በእጃቸው ካለው ነገር የሚጠቅም ሥራ ማውጣት አይሳናቸውም።