ማልቦሮ፦ ለሴቶች ተሠርቶ የካውቦይ የሆነው ሲጋራ

ማልቦሮ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደረገ፣ ሲጋራውን የሚያቀጣጥል፣ ቃል የማይተነፍስ ፈረሰኛ ነው። ሲጋራው አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲወጣ ግን የታሰበው ለሴቶች ነበር። ፊሊፕ ሞሪስ ኩባንያ በ1924 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ልስላሴውን እያሞካሸ አስተዋወቀው፤ ስሙን ያገኘው ለንደን ውስጥ ፋብሪካው ከነበረበት ጎዳና ነው። የከንፈር ቀለም ወረቀቱ ላይ እንዳይታይም ጫፉን ቀይ አደረጉት። ገበያው ግን ይህን ያህል አልነበረም።

በ1950 ተመራማሪዎቹ በብሪታንያ ዶልና ሂል፣ በአሜሪካ ደግሞ ዊንደርና ግራሃም ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች አሳተሙ። አጫሹ ደነገጠ። ኩባንያዎችም ፊልተር ያለው ሲጋራ ይዘው ብቅ አሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ፊልተርን የሴት ነገር ነው ብለው ናቁት። እንግዲህ የፈሩትን፣ ግን መፍራታቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉትን ወንዶች እንዴት አድርጎ ማግባባት ይቻላል?

ጥያቄውን በ1954 የፈታው ሊዮ በርኔት የተባለ የቺካጎ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። ላይፍ መጽሔት በ1949 ያወጣው የአንድ የቴክሳስ ከብት ጠባቂ (ካውቦይ) ፎቶግራፍ መነሻ ሆነው። መጀመሪያ ላይ እጃቸውን የተነቀሱ መርከበኞችና ሌሎች ጎረምሶችም ተሞክረዋል፤ ሁሉንም አስወጥቶ የቀረው ግን ካውቦዩ ነው። ፓኮውም ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ጠንካራ ካርቶን ሆነ፤ ቀይና ነጩን መልክ የሣለው ፍራንክ ጃኒኖቶ ነበር። ከ1955 እስከ 1957 ባለው ጊዜም ሽያጩ በብዙ እጥፍ አደገ።

እንደ እኔ ትልቁ ብልሃት ዝምታው ነው። በዚያ ዘመን ካሜል ሐኪሞች የሚመርጡት ሲጋራ ነኝ እያለ ይምል ነበር። ካውቦዩ ግን ስለ ጤና አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ክርክር ያልገባ ደግሞ አይረታም። ፊልተሩ ከካንሰር አያድንም፤ ሥዕሉ ግን ጥያቄውን ከነጭራሹ ያስረሳ ነበር።

ይኸው ዝምታ በ1971 አሜሪካ የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ስታባርርም ጠቀመው። ንግግር የማያሻው ሥዕል መንገድ ዳር ሰሌዳና መጽሔት ላይ ይበቃዋል። በ1972 ማልቦሮ በዓለም በሽያጭ አንደኛ ሆነ። በፎርሙላ ዋን ከ1974 እስከ 1996 የማክላረን መኪኖች የፓኮውን ቀለም ለብሰው ሮጡ፤ አየርተን ሴና ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ሲነዳ በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ማስታወቂያውን ሳያውቀው አይቷል።

ሥዕሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዕጣ ሌላ ነው። በማስታወቂያው ከታዩት አንዱ ዌይን ማክላረን ስለ ትምባሆ ጉዳት ሲመሰክር ቆይቶ በ1992 በ51 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ዴቪድ ማክሊን በዚያው በሽታ በ1995 ተከተለው፤ ቤተሰቡም ኩባንያውን ከሰሰ። የትምባሆ ኩባንያዎች በ1998 ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጋር ባደረጉት ስምምነት ደግሞ የመንገድ ዳር ሰሌዳዎቹ ወረዱ።

በእኛም አገር በራሳችን አቆጣጠር በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ማንኛውንም የትምባሆ ማስታወቂያ ከልክሏል፤ ከፓኮው ገጽ 70 በመቶው የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲይዘውም ያዛል።