የሆስፒታል ቢል ሲመጣ ካርዳችሁን ቶሎ አታውጡ

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ውድ መሆኑን ከለመድነው ቆይተናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ታካሚዎች ለአንድ ዓይነት ራጅ የተለያየ ዋጋ ይጠየቃሉ፤ ትልቁ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ኢንሹራንስ በሌለው ሰው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለመርፌውም፣ ለምርመራውም፣ ለአልጋውም የራሱ የዋጋ መዝገብ አለው። እዚያ የሰፈረው ዋጋ መርካቶ ውስጥ ነጋዴ መጀመሪያ እንደሚጠራው ዓይነት ነው። ትልልቆቹ ኢንሹራንሶች ተከራክረው ያስቀንሱታል፣ በዋነኛነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርም መንግሥት ባወጣው ተመን ይከፍላል። ተከራካሪ የሌለው፣ ቀን ታክሲ ነድቶ ማታ ፓርኪንግ የሚሠራው ወገናችን ግን አፍ አውጥቶ ካልጠየቀ የተጠራው ዋጋ እንዳለ በፖስታ ይመጣለታል።

ዲቪ ደርሶት የመጣ ጎልማሳ ደግሞ የቱንም ያህል ቢቸገር፣ ሜዲኬይድ የሚባለውን፣ አቅም ለሌለው ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ ለማግኘት በአብዛኛው ግሪን ካርድ ከያዘ በኋላ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ነው።

«ለዚህ የዋጋ አሠራር ሌላ ምን አማራጭ አለ?» ለምትሉ፣ አማራጩ ቅርብ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ሜሪላንድ ብገባ የሆስፒታል ዋጋ የሚያወጣው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ነው። ከ1977 ጀምሮ እዚያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሜዲኬርም ከፈለ፣ የግል ኢንሹራንስም ከፈለ፣ ሰውየው ከኪሱም ከፈለ፣ ከትንሽ ቅናሽ በቀር ተመኑ ያው ነው። የሐኪሞቹ ክፍያ በዚህ አይጠቃለልም፣ ሁሉ ነገር ረከሰ ማለትም አይደለም። ግን ይቻላል። ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲም በጊዜያቸው የሆስፒታል ዋጋ ይቆጣጠሩ ነበር፤ በኋላ ተዉት።

ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ መዝናናትም አያዋጣም። አንዲት ጎረቤቴ፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ ደረታቸውን አሟቸው ኢመርጀንሲ አንድ ሌሊት አደሩ። ከሳምንታት በኋላ የፖስታ ክምር ታቅፈው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ እይልኝ፣ ሊከሱኝ ነው እንዴ?»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። አንደኛው ከኢንሹራንሱ ነው። ትልቅ ቁጥር አለበት፣ አናቱ ላይ ግን «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። እሳቸው እንቅልፍ ያጡት በዚህኛው ነው! ሁለተኛው የሆስፒታሉ፣ ሦስተኛው ኢመርጀንሲ ያየቻቸው ሐኪም የምትሠራበት ድርጅት፣ አራተኛው አይተውት የማያውቁት ዶክተር ነው። «ይሄ ደግሞ ማነው? እኔን ያየችኝ ሴት ናት» አሉ። ሰውየው ራጃቸውን ያነበበው ነው። የኢንሹራንሳቸው ዲዳክተብል 3,000 ዶላር ስለሆነ፣ እሱ እስኪሞላ ድረስ አብዛኛው ወጪ ከእሳቸው ኪስ ነው። በየወሩ ከደመወዛቸው ሲቆረጥ የኖረው ገንዘብ እዚህ ላይ ብዙም አልደረሰላቸውም።

አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከጥር 2022 ወዲህ ኢመርጀንሲ ገብታችሁ ያያችሁ ሐኪም ከኢንሹራንሳችሁ ኔትወርክ ውጭ ነው ተብሎ ተጨማሪ መጠየቅ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። የመንገድ አምቡላንስ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ተደርጓል፤ ሄሊኮፕተሩ ተካትቶ መኪናው ቀረ። ሰው ደረቱን ይዞ ኡበር የሚጠራው ለዚህ ነው። እባካችሁ እናንተ አታድርጉት፤ 911 ደውሉ፣ ዕዳው በኋላ ይታያል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ከግብር ነፃ ናቸው፣ ከሆስፒታሎቹም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በምላሹ ሕጉ አቅም ለሌለው ታካሚ የክፍያ ድጋፍ መመሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከት ትችላላችሁ። በሚያገለግሉት አካባቢ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 1,000 ወይም 5 በመቶ ከደረሱ፣ ከሁለቱ ባነሰው፣ የማመልከቻ ቅጹን በዚያ ቋንቋ ማዘጋጀት ግዴታቸው ነው። የጎረቤቴ ሆስፒታል ድረ ገጽ ላይ የአማርኛው ቅጽ ቁጭ ብሏል። ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ ግን «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ትላለች እንጂ እኛ እስክንጠይቅ ስለ ድጋፉ ትንፍሽ አላለችም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ቅናሹ አለ፣ የሚደርሰው ግን ስሙን ጠርቶ ለሚጠይቅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የሚቸግረው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው፣ ዕዳን እንደ ነውር የሚያይ ሰው ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል።

ቅጹን ሞልተን ላክን፤ የጎረቤቴ የሆስፒታል ዕዳ ተሰረዘላቸው። የራጅ አንባቢው ድርጅት በድጋፉ ስላልታቀፈ የእሱ ቀረ፣ በየወሩ ይከፍላሉ።

ስለዚህ ስትደውሉ «ፋይናንሺያል አሲስታንስ» በሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ዝርዝር ቢልም አስልኩ፣ «አይተማይዝድ ቢል» ይባላል፤ ያልተደረገላችሁ ምርመራ ካለ እዚያ ላይ ይታያል። ለቅጹ የደመወዝ ወረቀትና ያለፈው ዓመት የታክስ ወረቀት ያዙ። የቸገራችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ የቢሉን ፎቶ ግን አትለጥፉ፤ ስማችሁም የልደት ቀናችሁም እዚያ ላይ ነው።